ዜጋ ነኝ ያለው ልጅ

ሐሊና በአስተርጓሚነት በኖረችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት አንድም ቃል አምልጦኝ አያውቅም ትል ነበር። ይህንንም ለማንም ትላለች፤ ለባሏ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ማኅበር፣ ናይሮቢ ጊጊሪ ሰፈር ባለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቦርሳዋን ለሚፈትሸው ዘበኛ ሳይቀር። ኩራት የሌለው ሰው የለም፤ የሷ ኩራት ጆሮዋ ነበር። የጎንደሩን አነጋገር ከወሎው፣ የመርካቶውን ከቦሌው ለይታ ታውቃለች። ሰው አፉን ከመክፈቱ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ትናገራለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ትሆናለች። ልክ ያልሆነችበትን ማንም አይቆጥርባትም፤ ምክንያቱም በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ከሷ በቀር የለም። የአስተርጓሚ ስሕተት ምስክር የለውም። ይህንን ያወቀችው ግን ዘግይታ ነው።

በየካቲት ወር አንድ ድርጅት መቶ አርባ ገጽ ሰነድ ወደ አማርኛ እንድትመልስለት ላከላት። ሰነዱ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን ከጥላቻ ወንጀል ስለሚጠብቁ ሕጎች የሚያወራ ነበር። ሐሊና ርዕሱን ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ። ባሏ ዓለምሰገድ፣ የአየር መንገድ ሰው ነውና ብዙ አገር አይቷል፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየና «ይሄን ደግሞ ምን አመጣብን?» አላት።

«ሥራ ነው» አለችው።

ሥራ ነው ብላ የጀመረችውን ሰው የቆሸሸ ጨርቅ በሁለት ጣቱ እንደሚያነሳው አድርጋ ነበር የያዘችው። መጀመሪያ የመጣላትን የስድብ ስም በየገጹ ደረደረችው። ትንሳኤ የሚባል ገምጋሚ፣ ወንድ ይሁን ሴት በስሙ አይታወቅም፣ ፊቱንም አይታው አታውቅም፣ በየኅዳጉ «ይህ ቃል ስድብ ነው፤ ይቀየር» እያለ መለሰላት። ተናደደች። ቀየረችው። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ብላ ስትጽፍ ቃሉ ረዘመባት፣ አፏ ውስጥም አልገባ አለ። ከሃያ ገጽ በኋላ ግን ለመደችው፤ ሰው የማይለምደው የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የያዛት። የተለመደው ሕግ ማን መታ፣ በምን መታ፣ የት መታ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሕጎች ግን ለምን መታ ይላሉ። ካናዳ ውስጥ፣ ስፔን ውስጥ፣ ሌሎችም ብዙ አገሮች ውስጥ ሰውየው የተመታው በማንነቱ ምክንያት ከሆነ ዳኛው ቅጣቱን ያከብዳል። በሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ፖሊሱ ምክንያቱን ካልጻፈው ሕጉ እንደሌለ ይቆጠራል። ሐሊና ይህንን ዐረፍተ ነገር ወደደችው። ሩብ ሰዓት ያህል አገላብጣ አሳመረችው። ከኋላ ያለውን ሠንጠረዥ ስታይ የኬንያና የኢትዮጵያ ረድፍ ባዶ ነው፤ ከግርጌው በሁለቱም አገሮች ድርጊቱ ራሱ ወንጀል ነው የሚል ማስታወሻ ነበር። ምንም አልተሰማትም። ሻይዋን ጠጣችና ቀጠለች።

ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ትንሳኤ እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፤ «በቃላት መፍቻው ላይ ‹ዜጋ› የሚለውን ብትጨምሩበት። ኢትዮጵያውያን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ስም ነው። ሰው ሰምቶም እንዳይሰማ።»

ሐሊና ሳቀች። «እነሱ ዜጋ ከተባሉ እኛ ምን ልንባል ነው?» አለች ለራሷ። ሳቋ ግን አልዘለቀም።  ባለፈው ሐምሌ ጊጊሪ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ልጅ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዜጋ ነኝ ብሏት ነበር።

ስሙ ሱራፌል ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የደሴ ልጅ፣ አዲስ አበባ ኖሮ በሞያሌ በኩል የመጣ። የጽሕፈት ቤቱ ጠያቂ ንዱኩ የምትባል ኬንያዊት፣ የማቻኮስ ሴት ነበረች፤ ስታዳምጥ ብዕሯን የምትነክስ፣ ክፉ ያልሆነች። ሐሊና እንደ ሁልጊዜው «እዚህ የምትናገረው ሁሉ ሚስጥር ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ብላ ጀመረችለት። ንዱኩ ከአገርህ ለምን ወጣህ ብላ ጠየቀችው።  ልጁ የሚያየው ንዱኩን ሳይሆን ሐሊናን ነበር፤ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል አየ፣ ፀጉሯ ላይ የበቀለውን ሽበት አየ።

«ዜጋ ነኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዜጋ መሆኔን ስላወቁብኝ ነው የመቱኝ።»

ሐሊናም ገብቶኛል በሚል ራሷን ነቀነቀችለት። ልጁ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ። እሷም ወደ ንዱኩ ዞራ፣ አስተርጓሚ እንዳያስረዳ በደንቡ ተከልክሎ ሳለ፣ አስረዳች። በእኛ አገር ፖለቲካ ሁለት ወገን አለ አለቻት፤ አንዱ ብሔሬ ይቅደም የሚል ነው፣ ሌላው ዜግነት ይቅደም የሚል፤ ይህ ልጅ ከሁለተኛው ነው። ንዱኩ ጻፈች። ሐሊና ያን ቀን በራሷ በጣም ደስ ብሏት ነበር። አዋቂ ባትሆን ኖሮ እኮ ምን ማለቱ ነው ብላ ትጠይቀው ነበር፤ እሱም ይነግራት ነበር። ያጠፋት እውቀቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሸ። የየትኛው ፓርቲ አባል ነህ ተባለ። ፓርቲ የለኝም አለ። እንዴት አወቁብህ ተባለ። ስልኬን ከፍተው ፎቶ አይተው አለ። ከማን ጋር ትሰበሰብ ነበር ተባለ።

«ጓደኛችን ቤት እንሰበሰብ ነበር፣ አምስት ስድስት ሆነን» አለ።

«ስብሰባው ላይ ስለ ምን ትወያያላችሁ?»

ልጁ ግራ ገብቶት ሐሊናን አየ። «ምን እንወያያለን? እንበላለን። እንጨፍራለን። እንስቃለን።»

እሷም አንድም ሳታስቀር ተረጎመችው። ማታ ለዓለምሰገድ፣ ሚስጥር ነው ያለችውን ረስታ፣ ፖለቲካ የማያውቅ ፖለቲከኛ ገጠመኝ ብላ አጫወተችው፤ ተሳሳቁ። ውሳኔው ላይ ምን እንደተጻፈ ደግሞ አሁን ሳታየውም ታውቀዋለች፤ አመልካቹ የሚከተለውን የፖለቲካ አቋም ማስረዳት አልቻለም።

ኮምፒዩተሩን ዘጋችው። ፈራች። ሰው ከማዘኑ በፊት ለራሱ ይፈራል፤ ሐሊናም ሰው ናት። ስሕተቴን ከተናገርኩ ከአስተርጓሚዎች ዝርዝር እሰረዛለሁ አለች። ወሬው ከወጣ ማኅበሩ ውስጥ ለእነሱ ተሟጋች ሆነች ይሉኛል አለች። ለዓለምሰገድ ነገረችው።

«ሆድ ይፍጀው» አላት። «ልጁ በግልጽ አማርኛ አልተናገረ። አንቺ ጠንቋይ ነሽ?»

አራት ቀን ሆዷ ሊፈጀው ሞከረ። አልሆነም። ያ ሩብ ሰዓት ያሳመረችው ዐረፍተ ነገር እየተመላለሰ ያነቃታል፤ ምክንያቱ ካልተጻፈ ሕጉ እንደሌለ ይቆጠራል። እንዳይጻፍ ያደረገችው እሷ ናት። ሕግ እንኳ በሌለበት አገር፣ ልጁ የነበረው አንድ ወረቀት ነው፤ እዚያ ወረቀት ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱን ደግሞ በሰለጠነ እንግሊዝኛ ሰርዛበታለች። በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ጊጊሪ ሄደች።

ንዱኩ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ብዕሯን ነከሰች። «ሐሊና፣ ሰባት ወር እኮ ሆነ» አለች። ከዚያ ፋይሉን ከፈተች። የእምቢታው ደብዳቤ ከተሰጠው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ይግባኝ ለማለት የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው፤ ከሚቀጥለው ረቡዕ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ወደ አገሩ ሊመልሱት ይችላሉ። አስተርጓሚዋ ተሳስቻለሁ ማለቷ ብቻ አይበቃም። ልጁ ራሱ ቀርቦ ቃሉን አስተካክሎ መፈረም አለበት። እንዲያ ያለ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር በፍጥነት የሚያሻግሩበት መንገድ አለ። ስልኩ ላይ ደወለችለት። አይሠራም።

«እኔ እፈልገዋለሁ» አለች ሐሊና።

«በፍጹም። አንቺ ፈርመሻል። ከክፍሉ ውጭ አታውቂውም። ኤስ ኤም ኤስ እንልካለን።»

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ሐሊና ስልኳን ስታይ ዋለች። ንዱኩ መልስ የለም ትላለች። ሐሊና ግን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። ለገና ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ አርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ላይ ካለው የታየች ምግብ ቤት ቤተሰቧን ይዛ ስትገባ፣ ትሪ ተሸክሞ ከወጥ ቤት የወጣው ሱራፌል ነበር። ተያዩ። ወዲያው ሁለቱም ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ደንቡ እንዲያ ነው።

ታየች አበልጇ ናት፤ የታየችን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ያነሳችው ሐሊና ናት። አሥራ አምስት ዓመት ተዋደው ኖረዋል። ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ጾም ስለሆነ ቤቱ ገና ጭር ባለበት ሰዓት፣ ሐሊና ገባችና ከሒሳብ መቀበያው አጠገብ ቆመች።

«ሱራፌል የሚባል ልጅ አለሽ አይደል?» አለች እንደ ዋዛ።

«አለ። ዛሬ ተራው አይደለም፣ ነገ ነው የሚገባው። ምነው?»

«አዲሱን ስልኩን ብትሰጪኝ።»

ታየች አየቻት። ታየች ሞኝ ሴት አይደለችም፤ ናይሮቢ ላይ ምግብ ቤት የከፈተ ሞኝ የለም። «አበልጄ፣ ምን አጠፋ? የሰው ዕቃ ሰረቀ? ንገሪኝ እንጂ፣ ቤቴ ውስጥ የማስገባውን ሰው ልወቅ።»

«ኧረ ምንም አላጠፋም። የወረቀቱ ጉዳይ ነው።»

«የወረቀቱ ጉዳይ ከሆነ ቢሮው አይደውልለትም? አንቺን ምን አስሮጠሽ? ደግሞ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ሐሊና ልጁ ሌባ ተብሎ እንዳይጠረጠር ፈራች። ከሥራ ቢወጣብኝስ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እሷ ግን አንድን ነገር ሳታስረዳ መተው አትችልም፣ በሽታዋ ነው። «ባንቺና በእኔ ይቅር፣ በማርያም» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የተናገረውን ቃል ተሳስቼ ተረጎምኩበት። ዜጋ ነኝ ሲለኝ እኔ አገር ወዳድ ማለቱ መስሎኝ… ለካ እነሱ እርስ በርሳቸው…» ብላ ቆመች።

የታየች እጅ ሒሳብ መቀበያው ላይ ቀረ። «እነሱ እነማን?» አለች ቀስ ብላ።

 መልስ አላስፈለገም። ታየች ስልኩን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት፣ ጉንጯን ስማ ሸኘቻት፣ «ከእኔ ምን ይወጣል ብለሽ ነው» አለቻት። ሐሊና በሩን ከወጣች በኋላ በማታቱ ታክሲዎችና በቦዳ ሞተሮች ጩኸት መካከል ቆማ ያለችውን አንድ በአንድ አስታወሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስልኩ ላይ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ አይነሳም። የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም፤ እንዲህ የሚኖር ሰው አያነሳም። መልእክት ጻፈች፣ ስሟን አስገብታ። ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ቢያነበውስ ብላ ሳትልከው አጠፋችው።

ታየች ለባሏ ለተክሉ ብቻ ነገረችው፣ ምን እናድርግ ብላ ልትመክር። ተክሉ ለዋናው ወጥ ሠሪ ነገረው፣ ልጁ ዕቃ እንዳይነካ። ከዚያ በኋላ ያለውን መቁጠር አያስፈልግም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሱራፌል ምንም ሳይሰማ፣ ሽርጡን አስሮ፣ ደህና አደራችሁ እያለ ገባ። የመለሰለት የለም። ምሳ ካለፈ በኋላ ታየች ጠርታ ሥራ ቀንሷል አለችው። አሥር ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማታቱ መያዣው ጋ ሳይደርስ አራት ሆነው ጠበቁት። ሁለቱ የራሱ አገር ልጆች ነበሩ፤ አንዱ እስከ ትናንት አብሮት ሽንኩርት ሲከትፍ የኖረ ነው።

ሐሊና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰማች። ታየች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጥታ አጠገቧ ቆመች። «ልጁን መትተውታል አሉ» አለቻት። «መንጋጋውን። ጎኑንም። ሆስፒታል ነው።»

«ማን ነገራቸው?» አለች ሐሊና።

«እኔ ለባሌ ብቻ ነው የነገርኩት» አለች ታየች።

«እኔም ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት» አለች ሐሊና።

 ታየች ማልቀስ ጀመረች፤ ሐሊናም እንባዋን ተመኘችው፣ አልመጣላትም። የገዛ ምላሷን ነክሳ ብትጥለው ደስ ባላት ነበር።

ሰኞ ለንዱኩ ሁሉንም ነገረቻት፣ የታየችንም ጭምር። ንዱኩ አልጮኸችባትም። «ከዚህ በኋላ እኛ ጋ አትሠሪም፤ ታውቂያለሽ» አለቻት፣ ሐሊናም አውቃለሁ አለች። ሆኖም ይግባኙ ረቡዕ ያልቃል፤ ሌላው የአማርኛ አስተርጓሚ ሞምባሳ ነው፤ ያለፈውን ስሕተት የምታርመው ደግሞ እሷ ናት። ማክሰኞ አብረው ሆስፒታል ይሄዳሉ፣ ልጁ ከፈቀደ።

ወንዶች የሚተኙበት ክፍል ረጅም ነው። ሱራፌል በግድግዳው በኩል ሦስተኛው አልጋ ላይ ነበር። ግራ ፊቱ አብጦ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ ከንፈሩ ተሰፍቷል፣ ስልኩ ትራሱ ላይ፣ ከጆሮው አጠገብ ተቀምጧል። ንዱኩ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ፖሌ ሳና» አለችው፣ አይዞህ ለማለት። ሐሊና ቆማ ቀረች።

«ሐሊና እንድታስተረጉምልህ ትፈቅዳለህ ወይ?» ብላ ጠየቀች ንዱኩ፤ ሐሊናም ስለ ራሷ የተጠየቀውን ራሷ ተረጎመችው።

ሱራፌል በአንድ ዓይኑ አያት። «እትዬ ሐሊና? ማንም ቢሆን ያው ነው» አለ።

ንዱኩ በዝግታ አስረዳችው። ባለፈው የተናገርከው ቃል በስሕተት ተተርጉሟል አለችው። ዛሬ እውነተኛ ምክንያትህን ከነገርከን ነገ ይግባኙ ይገባል። ፋይልህም ወደ ፈጣኑ መንገድ ይሄዳል፤ ከዚህ አገር ልናወጣህ እንችላለን። እንዲህ ያለውን ጥቃት በሕግ ወደሚቀጡበት አገር። ሐሊና ይህንን ተረጎመች። ያን ሁሉ ገጽ የደከመችበትን አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቤቱ እየነገረችው ነበር። እሺ በል፣ እሺ በል አለች በልቧ።

«ቅዳሜ ማን መታህ? ለምን?» አለች ንዱኩ።

«ሌቦች ናቸው» አለ ሱራፌል። «ስልኬን ሊወስዱ።»

ሐሊና ተረጎመች። ንዱኩ ትራሱ ላይ ያለውን ስልክ አየች። «ወሰዱት?»

«አልወሰዱትም። ጣሉት።»

«በሐምሌ ዜጋ ነኝ ብለህ ነበር። ምን ማለትህ ነበር?»

ሱራፌል የተሰፋ ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ፣ ለመጻፍ እንዲመች ይመስል፣ «ዜጋ ማለት ዜጋ ነው። እትዬ ሐሊና ያኔ በትክክል ነው የተረጎሙት» አለ።

ይህንንም መተርጎም ነበረባት። በትክክል ተረጉመሻል መባሏን በገዛ አፏ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለንዱኩ ነገረቻት። ንዱኩ ብዕሯን ነክሳ ቆየች፣ ከዚያ እንደማታምን እያሳየች ጻፈች።

«ሱራፌል» አለች ሐሊና ደንቡን ጥሳ፣ በሹክሹክታ። «ተናገር እባክህ። ነገ ያልቃል እኮ።»

«እናቴ ትናንት ደወለች» አላት። ያበጠው አፉ ቃሉን እየቆረጠበት ነው። «ከሆቴል ቤቱ አንዱ ደሴ ድረስ ደውሎ ለሰፈሩ ነግሯል። ስም ማጥፋት ነው፣ እኔ እንዲያ አይደለሁም ብዬ በአባቴ አጥንት ማልኩላት። አመነችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሲርቃት እሷ እኔን አምና ቁጭ ብላለች። ዛሬ ወረቀት ላይ ነኝ ብዬ ፈርሜ እሷን ውሸታም ላድርጋት?»

«ይሄ እኮ ወደዚያ አይደርስም። ሚስጥር ነው።»

«ሚስጥር ነው ብለውኝ አልነበረም?» አላት። ንዴት የለበትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «ለሴትየዋ አይንገሯት። ለእርስዎ ነው የነገርኩዎ።»

ንዱኩ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳች። «ሐሊና፣ የሚለውን በሙሉ እፈልጋለሁ። ምንድን ነው ያለሽ?»

እንግሊዝኛው አፏ ላይ ተደርድሮ ነበር። አምስት ዐረፍተ ነገር ነው። እነሱን ብትላቸው ፋይሉ ይድናል፤ ልጁ ነፍሱን ይዞ ይሄዳል፤ በገዛ አፉ እንደመሰከረም ይጻፋል። ደንቡም ተናገሪ ነው የሚላት፤ በክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል። ግን ሁለት ጊዜ ያለ ፈቃዱ ተናግራበታለች፣ አንድ ጊዜ ሳታውቅ፣ አንድ ጊዜ እያወቀች። አልጋው ላይ የተኛው የሁለተኛው ውጤት ነው። የቀረው ነገር ቢኖር አንዲት እናት ናት፤ እሷን ደግሞ ሐሊና ልትወስድበት አልቻለችም። ልታድነው መጥታ ልትገድለው እንደሆነ አወቀች፣ እያወቀችም አፏን ከፈተች።

«ደክሞኛል ነው የሚለው» አለች።

ንዱኩ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ልጁን አየችው። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ፣ ምክንያት ከሚለው ቃል ፊት ለፊት፣ ዝርፊያ ብላ ጻፈች። ቅጹን ለሱራፌል ሰጠችው፤ ቀኝ እጁ ስለተጎዳ በግራው ፈረመ። ለሐሊናም አዞረችላት። ከግርጌው፣ የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተርጉሜያለሁ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሐሊና በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደፈረመችበት አታውቅም። ፈረመች።

ንዱኩ ማኅተም ልታስደርግ ወደ ነርሷ ሄደች። ሐሊና ቦርሳዋን አንስታ ምን እንደምትለው ስታጣ፣ ሱራፌል ጤነኛውን ዓይኑን ጨፍኖ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት። «አሁን ገባዎት።»